ክረምትና የሐዋሳ ጀልባ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ለውዝ እየበላ ወደ ውኃው የሚመለከት ተማሪ፣ ጀልባን የመዝናኛ ዕቃ አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። ቀለም የተቀባችው፣ ጥላ የተዘረጋላት ባለሞተር ጀልባ ጉማሬ ለማየት የሚሄዱ እንግዶችን ይዛ ስትመላለስ ያያል። ሌሎቹን፣ ቀለም የሌላቸውን ጠባቦቹን ጀልባዎች ግን ብዙዎቻችን ልብ ብለን አናያቸውም። እነሱ ወደ ሥራ የሚሄዱት እኛ ለእራት ስንሰናዳ ነው፤ የሚመለሱትም አብዛኞቻችን ገና ሳንነሣ ነው። በአሞራ ገደል ገበያ ቆሮሶውን በዳጣ የምንበላው ሰዎች ግን የእነዚህ ጠባብ ጀልባዎች ዕዳ አለብን። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ የዓሣ አስጋሪው ጀልባ በክረምት እንዴት እንደሚኖር፣ ለምንስ ክረምቱ ከጀልባው አልፎ ለሐይቁ ዓሣ መከራ እንደሚሆን እንደ አቅሜ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አንድ የነሐሴ ሌሊት ከሁለት አስጋሪዎች ጋር በሐይቁ ላይ አድሬአለሁ። አንደኛው ዕድሜው ከአምሳ ያለፈ ነው፤ ጓደኛውም እኔም የምንጠራው «ጋሼ» ብለን ነበር። ሁለተኛው የእኛ እኩያ ወጣት ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እነሱም አልፈለጉትም። ሲያሳፍሩኝ ጋሼ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አንተ ተማሪ፣ ደስ ቢልህም ብትፈራም አትነሣ። ቁጭ በል።» ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት።

ጀልባው ከጣውላ የተሠራ ነው። በስንዝር ስለካው ርዝመቱ ወደ 5 ሜትር፣ ወርዱ በሰፊው ቦታ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆነ። በሲዳምኛ ሐዋሳ ማለት ሰፊ ማለት ነው ይባላል፤ በሰፊው ላይ የሚወጡት ግን በዚህ ጠባብ ዕቃ ነው። የጀልባ ጥበት በራሱ ነውር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ18ኛው መቶ ዓመት በተቆፈሩት ቦዮች ላይ የሚሄዱት የጭነት ጀልባዎች ወርዳቸው ከ2 ሜትር ጥቂት ብቻ የሚያልፍ ሲሆን ርዝመታቸው እስከ 21 ሜትር ይደርስ ነበር። የቦዩ የውኃ በሮች ጠባብ ስለነበሩ ጀልባውም በዚያው ልክ ተሠራ። በኋለኛው ጫፍ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ባል፣ ሚስትና ልጆች ምድጃ አንድደው ይኖሩባት ነበር። ነገር ግን የቦይ ውኃ ማዕበል የለውም፤ ዳሩም በእጅ የሚነካ ያህል ቅርብ ነው። የሐዋሳን ጀልባ ያጠበበው የውኃ በር ሳይሆን የጣውላ ዋጋ ነው፤ የሚወጣበትም ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቅ በሆነበት ከ20 ሜትር በላይ የሚወርድ ክፍት ሐይቅ ነው።

የጣናን ታንኳ የሚያውቁ ጓደኞቼ «ታንኳስ ከዚህ አይጠብም ወይ?» ሊሉኝ ይችላሉ። ይጠባል። ታንኳ ግን የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ከውኃ ስለሚቀልል ነው። የዘነበበት ውኃ በደንገሉ መካከል ሾልኮ ይወርዳል፤ ማዕበልም ቢያልፍበት እንደ ነዶ ተመልሶ ብቅ ይላል። የታንኳ ጠላት ውኃው ቀስ በቀስ ደንገሉ ውስጥ ሰርጎ ማክበዱ ነው፤ ስለዚህ ከሥራ በኋላ አውጥተው ፀሐይ ያስመቱታል። የጣውላ ጀልባ ግን ገበቴ ነው። የሚንሳፈፈው ሆዱ ባዶ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው፤ ገበቴ ደግሞ ዝናብን ያጠራቅማል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የጀልባችን አፍ፣ ጫፎቹ ሾጠጥ ያሉ በመሆናቸው፣ 5 ካሬ ሜትር ያህል ነው እንበል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ (ለክረምት ዶፍ ይህ ብዙ አይደለም) በጀልባው ውስጥ 100 ሊትር ውኃ ይጠራቀማል፤ ይኸውም 100 ኪሎ ግራም ነው። ሳይጠራ የመጣ፣ መቅዘፊያ የማይዝ፣ ከአንድ ወፍራም ሰው የሚከብድ ተሳፋሪ ማለት ነው። በጣውላው መጋጠሚያ የሚሾልከውንና ከማዕበሉ የሚረጨውን ገና አልቆጠርንም።

ክብደቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ ትልቁ ክፋት ውኃው የማይቀመጥ ተሳፋሪ መሆኑ ነው። ድንጋይ ብትጭኑ ድንጋዩ ባለበት ይቆያል፤ ጀልባው ወደ ግራ ቢያዘነብልም ተመልሶ ይቃናል። በጀልባ ወለል ላይ ያለ ውኃ ግን ጀልባው ወደ ግራ ሲያዘነብል እሱም ተከትሎ ወደ ግራ ይሮጣል፤ የዘመመውን የባሰ ያዘምመዋል። ስለዚህ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውኃ የያዘ ጠባብ ጀልባ፣ ያንኑ ያህል ክብደት ያለው ደረቅ ዕቃ ከጫነ ጀልባ ይልቅ ለመገልበጥ የቀረበ ነው። ሰው ቆሞ ሲነሣም ነገሩ ያው ነው፤ ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣና ትንሿን ዝንባሌ ትልቅ ያደርጋታል። ጋሼ «አትነሣ» ያለኝ ለዚህ ነበር። ወጣቱም ከአንገቱ ላይ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ይቀዳ የነበረው ለዚሁ ነው። እንዲያውም በክረምት ጀልባ ውስጥ ከሁለቱ ሰዎች አንዱ አስጋሪ ሲሆን ሁለተኛው ውኃ ቀጂ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሥራው የሚጀመረው ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም መረብ በመዘርጋት ነው። መረቡ በውኃው ውስጥ እንደ መጋረጃ ይቆማል፤ ከላይ ተንሳፋፊ፣ ከታች ክብደት አለው። ዓሣው ራሱን በዓይኑ አስገብቶ ሲታገል ክሩ ከስንጥቡ ላይ ይይዘዋል። የዓይኑ ስፋት የሚያዘውን ዓሣ መጠን ይወስናል፤ ትንሹ ያልፋል፣ ልኩ የሆነው ይያዛል። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ። ዘርግቶ ወደ ቤቱ የሚሄድና ንጋት ላይ የሚመለስ አስጋሪ ብዙ ነው። ነገር ግን መረብ ሌባ አለው፤ በማዕበልም ተቆርጦ ይሄዳል። ብዙ ገንዘብ ያወጣበት ሰው እዚያው ቢያድር አይገርምም። እኛም አደርን።

ከአስጋሪዎቹ የተማርኩት ትልቁ ነገር የሚፈሩት ዝናቡን አለመሆኑን ነው። የሚፈሩት ነፋሱን ነው፤ ነፋሱም ከዝናቡ ቀድሞ ይመጣል። ይህ የሆነበት ምክንያት በትምህርታችን ከምናገኘው ነገር ጋር ይስማማል። ከትልቅ የዝናብ ደመና ውስጥ ዝናቡ ሲወርድ ከፊሉ በመንገድ ላይ ይተንናል፤ በመትነኑም አየሩን ያቀዘቅዘዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ምድር ይወድቃል፤ ምድር ላይ ሲደርስ መሄጃ ስለማያገኝ እንደ ፈሰሰ ውኃ ወደ ጎን ይበተናል። ስለዚህ ዝናቡ ገና ሳይደርስ ብርዳም ነፋስ ከፊቱ ይሮጣል። በዚያ ሌሊት ከምሥራቅ፣ ከወንዶ ገነት ተራራ በኩል መብረቁ ሲበልጭ ጋሼ ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ዝም አለ። ጉንጫችን ላይ ቀዝቀዝ ያለ አየር ሲነካን «መጣ» ብሎ መቅዘፊያውን አነሣ። ጠብታ ገና አልወረደም ነበር።

ለምን አልሸሸንም? ሁለት ሰዎች የሚቀዝፉት ጀልባ በሰዓት ከ4 ኪሎ ሜትር ብዙም አይሄድም። ከሐይቁ መካከል እስከ ዳር ደግሞ 4 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ያ ነፋስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ ከ5 ኪሎ ሜትር ርቀት በ10 ደቂቃ ይደርሳል። ሰዓቱ አይበቃም፤ ጉዳዩ የድፍረት ሳይሆን የማካፈል ሒሳብ ነው። ስለዚህ መሸሽ ሳይሆን ማቀናት ነው የሚያዋጣው፤ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ማዕበሉ አዙሮ ጎኑን እንዳይመታው መያዝ። ጠባብ ጀልባ ከፊት ለመጣ ማዕበል ጥሩ ነው፤ ይቆርጠዋል። ከጎን ለመጣው ግን ምንም መልስ የለውም።

ማዕበል የሚያድገው ነፋሱ በሚጓዝበት የውኃ ርዝመት ልክ ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ቢነሣ በከተማው ዳር ያለው ውኃ ገና ሸብሸብ እያለ ሳለ፣ በምዕራቡ ዳር ግን ማዕበሉ ሙሉ ሆኖ ይደርሳል። ስለዚህ እኛ ከከተማው ዳር ሆነን «ዛሬ ሐይቁ ደህና ነው» ስንል ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የተለየ ሐይቅ ያያል። ሐይቁ በሲዳማና በኦሮሚያ ክልሎች መካከል የተኛ ነውና፣ ነፋስ የገፋው አስጋሪ አንዳንዴ ክልል ተሻግሮ ያድራል፤ በማግስቱ ገበያ ሲያረፍድ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ስለ መብረቅ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በዝርግ ውኃ ላይ ረጅሙ ነገር እናንተ ከሆናችሁ የቀረው ይታወቃል። ብልጭታውን አይተው ድምፁ እስኪሰማ ይቆጥራሉ፤ 3 ቆጥረው ከሰሙ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ ያን ጊዜ ጎንበስ ይላሉ። ስለ ብርዱ ግን አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። ከዝናቡ በኋላ ላስቲክ ተከናንበን ስንንቀጠቀጥ ወጣቱ እጁን ወደ ሐይቁ አውርዶ «ሙቅ ነው፣ ሞክረው» አለኝ። አልቀለደም። የነሐሴ ሌሊት አየር ሲቀዘቅዝ ውኃው ቀን የጠጣውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም፤ ስለዚህ እጃቸውን የሚያሞቁት ውኃ ውስጥ ነክረው ነው። እሳት የለም፤ እርጥብ ጀልባ ላይ ማን ያነድዳል? የያዝነው ቆሎና ዳቦ ነበር፤ ዳቦው ራሰ፣ ቆሎውን ተካፈልን።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ እገባለሁ። ነፋሱ ጋብ ሲል ጋሼ መረቡን ሰብስበን ወደ ዳር እንቅረብ አለ፤ ከፊላው አጠገብ ውኃው ጥልቅ ያልሆነበት፣ ማዕበሉም የሚሰበርበት ቦታ አለ። እዚያ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ወጥቶ ሲመለስ መንገዱ ላይ የቆመ ጀልባ አይወድም። ቢሆንም ከማዕበልና ከጉማሬ አንዱን ምረጥ የተባለ ሰው፣ ጉማሬው ላይመጣ ይችላልና፣ ዳሩን ይመርጣል። እኛም መረጥን። መረቡንም እዚያው ዘረጋን። ንጋት ላይ ስናነሣው ከመካከሉ ይልቅ ብዙ ቆሮሶ ይዞ ተገኘ። ወጣቱ ደስ አለው። ከዓሦቹ አንዷን ከክሩ ሲያላቅቅ ከአፏ ቢጫ ቢጫ ፍሬ የመሰለ ነገር ተንጠባጥቦ ወለሉ ላይ ካለው ውኃ ጋር ተቀላቀለ። እንቁላሏ ነበር።

ባዮሎጂ ያጠኑት ጓደኞቻችን እንደሚያውቁት ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን የምታሳድገው በአፏ ይዛ ነው። ወንዱ ጥልቅ ባልሆነ ውኃ ውስጥ ወለሉን ጠርጎ ጎጆ ያበጃል፤ እሷ እዚያ ትጥልና መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች፤ ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉም ድረስ በአደጋ ጊዜ ወደ አፏ ትመልሳቸዋለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው በዳሩ፣ በፊላው አካባቢ ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የተደረገ ጥናት የቆሮሶ እርባታ የሚበረታው በዓመት ሁለት ጊዜ መሆኑን አሳይቷል፤ አንደኛው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ፀሐያማ ወራት፣ ሁለተኛው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወራት። አንደኛው ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ያን ጊዜ በጾም ዓሣ የሚበላው ሰው ገበያውን ስለሚያሞቀው መረቡ ይበዛል። በሁለተኛው ወቅት ደግሞ አስጋሪውን ወደ ዳር የሚገፋው ገበያው ሳይሆን ነፋሱ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባው ጠባብ ነው፤ ስለዚህ በክረምት መካከሉን አይችልም። መካከሉን ስለማይችል ወደ ዳር ይጠጋል። ዳሩ ደግሞ በዚያው ወራት የእናት ቆሮሶ ማሳደጊያ ነው። አስጋሪው እናቲቱን ሊያጠፋ ወጥቶ አይደለም፤ ነፍሱን ሊያተርፍ ተጠግቶ ነው ያገኛት። የሐይቁ ቆሮሶ ከሚገባው በላይ እየተሰገረ መሆኑን፣ መጠኑም ማነሱን አጥኚዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጣለው በአስጋሪው ስግብግብነት ላይ ነው። ስግብግብም አይጠፋም፤ ዓይኑ የጠበበ መረብ የሚዘረጋ፣ ዳር ለዳር እየጎተተ ጫጩት ሳይቀር የሚጠርግ አለ። ግን የነፋሱን ድርሻ ሳይቆጥሩ መፍረድ ግማሽ ሒሳብ ነው።

ሕግ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዓሣ ማስገርን በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ለማድረግ የታሰበ ነው። አሳቡ ትክክል ነው። እንደ እኔ አስተያየት ግን ለአስጋሪው «በክረምት ከዳር ራቅ» ብሎ ማዘዝ፣ ራቅ ብሎ መቆም የሚችልበት ጀልባ ሳይኖረው፣ «ስጠም» ከማለት ብዙ አይለይም። ወርዱን ግማሽ ሜትር ቢጨምሩለት፣ ሆዱ ውስጥ አየር የታሸገበት ባዶ ቦታ ቢኖረውና ውኃ ቢሞላ እንኳ ባይሰጥም፣ ጠርዙም ጥቂት ከፍ ቢል ያው ሰው ከፊላው ርቆ ሊያድር ይችላል። ይህ ትልቅ ምርምር የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በዚህ ከተማ መሐንዲስ የሚወጣበት ግቢም፣ የዓሣ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢም አለ፤ ሁለቱ ከሐይቁ ጋር ያላቸው ርቀት በእግር የሚሄዱበት ነው። በጀልባ ርዕስ የመመረቂያ ጽሑፍ የጻፈ ተማሪ ካለ እኔን ያርመኝ፤ ደስ ይለኛል።

ከርዕሴ ጥቂት ልውጣና ስለ ሐይቁ ራሱ አንድ ነገር ላንሣ። ጥቁር ውኃ ወንዝ ከምሥራቅ ይገባበታል፤ በላይ በላዩ የሚታይ መውጫ ግን የለውም። እንደ ሻላና አቢጃታ ያሉ መውጫ የሌላቸው ሐይቆች ጨዋማ ሲሆኑ ሐዋሳ ግን ጨዋማ ሳይሆን መቅረቱ፣ ከመሬት በታች የሚሾልክበት መንገድ እንዳለው ያስገምታል። ስለዚህ የክረምቱን ውኃ እንደ ወንዝ አሳልፎ አይሰጠውም፤ ይዞት ይቆያልና ዝናቡ ከቆመ በኋላ እንኳ በጥቅምትና በኅዳር ከፍ ይላል። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ከልክ አልፎ ወደ ከተማው በመግባቱ ነው በዳሩ የአፈር ግድብ የተሠራው፤ ዛሬ ማታ ማታ የምንንሸራሸርበት። አስጋሪው ይህን በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ አምና ጀልባውን ያሰረበት እንጨት ዘንድሮ ውኃ ውስጥ ቆሞ ያገኘዋል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሞራ ገደል ደረስን። ረጃጅም እግር ያላቸው ራሰ በራ ማራቡዎች እንደ ዳኛ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። ዓሣው ተቆጥሮ ለገዢው ተሰጠ፤ ከሦስት የሚበልጡ የእንቁላል እናቶች እንደነበሩበት እኔ ቆጥሬአለሁ፣ በገበያው ዋጋ ላይ ግን ምንም ለውጥ አላመጡም። መረቡ ለማድረቅ ተዘረጋ፤ የተቀደደውንም ወጣቱ በጥርሱ ክር እየቆረጠ መስፋት ጀመረ። ጋሼ ጀልባውን እንድናግዘው ጠራንና ገልብጠን ውኃውን አፈሰስነው።

ከዚያ ስለ ወርዱ የማስበውን ነገርኩት። በጽሞና ሰማኝ። ጣውላው ላይ እጁን አሳርፎ «ግማሽ ሜትር?» አለና፣ በሁለቱም በኩል ስንት ጣውላ እንደሚጨምር በጣቱ ቆጠረ፤ ከዚያ የአንዱን ጣውላ ዋጋ ነገረኝ፤ ከዚያም የሌሊቱን ዓሣ ገንዘብ ከኪሱ አውጥቶ ለሁለት ከፈለው።